ካቴናውን ከማውለቃችሁ በፊት፦ አልፈታ ያለ የፒኞን ዳዶ

«ጋሼ፣ ዳዶው አልፈታም አለኝ።»

«ካቴናውን ማን አውልቅ አለህ?»

ሞተር ሳይክሌን እንኳ ሳያዩ ነው የመለሱልኝ። ደብረ ብርሃን ላይ ሞተር ሲፈቱና ሲገጥሙ የኖሩ መካኒክ ናቸው። በር ላይ የቆመን ልጅ ፊት አይተው ምን እንዳጠፋ ያውቃሉ።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ካቴና (ሰንሰለቱን)፣ ኮሮና (የኋላ ጎማው ላይ ያለውን ትልቁን ባለ ጥርስ ክብ) እና ፒኞን (ከሞተሩ በሚወጣው ዘንግ ላይ ያለውን ትንሹን) አንድ ላይ ልቀይር ብዬ ግቢዬ ውስጥ ሥራ ጀመርኩ። ካቴናውን አወለቅሁ። የኋላ ጎማውን አወጣሁ። ኮሮናውን ቀየርኩ። በመጨረሻ ወደ ፒኞኑ መጣሁ። ቁልፉን በጎተትኩ ቁጥር ዳዶውም፣ ፒኞኑም፣ ዘንጉም አብረው ይዞራሉ። የሚይዛቸው የለማ! ካቻቢቴ በፒኞኑ ጥርስና በሞተሩ አካል መካከል ሰካሁና ባለ በሌለ ኃይሌ ጎተትኩ። «ቀጭ» አለ። ተፈታልኝ ብዬ ደስ አለኝ። የተላቀቀው ግን ዳዶው አልነበረም። ከሞተሩ አሉሚኒየም ላይ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ቁራጭ ተሰብራ መሬት ላይ ወድቃለች።

ከዚያ ወዲህ የራሴንም የጓደኞቼንም ብዙ ዳዶ ፈትቻለሁ። ዳዶ እምቢ ሲል ጉልበት ያነሰን ይመስለናል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ጉልበት አይደለም ያነሰን። ወይ ዳዶውን ምን እንደያዘው አላየንም፣ ወይ ዘንጉን የሚይዝልንን ነገር ቀድመን አውልቀነዋል። ስለዚህ ካቴናችሁ ገና በቦታው ካለ እጃችሁን ሰብስቡና መጀመሪያ ይህን አንብቡ።

ዳዶ መሆኑን አረጋግጡ

ሁሉም ሞተር ፒኞኑን በትልቅ ዳዶ አያስርም። የሆንዳ ሲጂ ዘር የሆኑ ትናንሽ ሞተሮች ላይ ፒኞኑን የሚይዘው አንዲት ስስ ሳህንና ሁለት ትናንሽ ቡሎኖች ናቸው። ቡሎኖቹን ፈታችሁ ሳህኗን ትንሽ ስታዞሯት ትወጣለች፣ ፒኞኑም ይከተላል። በአንዳንድ ሞተር ላይ ደግሞ የያዘው በልዩ ፒንሳ ተከፍቶ የሚወጣ ክፍት ቀለበት ነው። የእናንተ ከነዚህ አንዱ ከሆነ እሰየው፣ ይህ ጽሑፍ አይመለከታችሁም።

ዘንጉ መሃል ላይ አንድ ትልቅ ዳዶ ካያችሁ ግን ወንበር ሳቡ።

ክዳኑን መክፈት

የማርሽ ፔዳሉ መንገድ ስለሚዘጋ መጀመሪያ እሱ ይወልቃል። ከማውለቃችሁ በፊት ፔዳሉና ዘንጉ በሚገናኙበት ቦታ ላይ በካቻቢቴ ጫፍ ትንሽ ጭረት አድርጉ። አለበለዚያ ስትመልሱት አንድ ጥርስ ከፍ ወይም ዝቅ ይልና እግራችሁ ማርሽ ሲፈልግ ይውላል። ከዚያ የፒኞኑ ክዳን ይፈታል።

ክዳኑ ሲከፈት የምታዩት ነገር ሞተሯ የት ስትሠራ እንደኖረች ይናገራል። ከሞረትና ጅሩ ወገን የመጣች ሞተር አንድ ጊዜ ከፍቼ ነበር። የግብርና ባለሙያ የሚነዳት ናት። ክረምቱን ሙሉ ጥቁሩን መረሬ ስትረግጥ ከርማ ክዳኑ ውስጥ ያለው ነገር ሁሉ ጡብ ሆኗል። መረሬ ሲርስ እንደ ሊጥ ይለጠፋል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል እንጂ አይራገፍም። ከካቴና ግሪስ ጋር ሲቀላቀልማ አይጣል ነው።

ያን ጭቃ በካቻቢቴ ጫፍ ፍቄ፣ በሽቦ ብሩሽ ጠርጌ፣ ናፍጣ በነካ ጨርቅ ጠረግሁት። ሙሉ ቀን ወሰደብኝ ብል ማጋነን ይሆናል፣ ግን ግማሽ ሰዓት አልፏል። ያኔ ነው ከዳዶው አንዱ ጎን ላይ ቀጭን መስመር የታየኝ። መጀመሪያ ስንጥቅ መሰለኝ። በጥፍሬ ስነካው ጠርዝ አለው። የዳዶው አካል የመሰለኝ ነገር ከሥሩ ያለው ሮንዴላ፣ ማለትም የስሱ ቆርቆሮ ቀለበት፣ ጆሮ ነበር። ታጥፎ ዳዶው ጎን ላይ ተለጥፏል፣ ጭቃው ደግሞ ሁለቱን አንድ አድርጎ ቀብቷቸዋል። ባለቤቱ ከዚያ በፊት ሁለት ቦታ ወስዷት ሁለቱም ቦታ «ዝጓል፣ ይቆረጥ» ተብሎ ነበር። ዝገት የለም፣ አንድ የታጠፈ ቆርቆሮ ብቻ።

ስለዚህ ማጽዳትን ለይምሰል አታድርጉት። ከሥራው ሁሉ ትልቁ ክፍል እሱ ነው።

ምን ይዞት ነው?

ከጸዳ በኋላ ባትሪ አብርታችሁ ዳዶውን ዙሪያውን እዩ። የታጠፈ የሮንዴላ ጆሮ ካለ በብረት መሮና በትንሽ መዶሻ ከዳዶው ጎን አላቅቁትና ጠፍጣፋ አድርጉት። በግማሽ አይበቃም። የቡሶላው (ዳዶውን ዙሪያውን የሚውጠው ቁልፍ) አፍ ዳዶው ላይ እስከ ሥሩ መግባት አለበት። ጆሮው ትንሽም ከተረፈ ቡሶላውን ወደ ውጪ ይገፋዋል። አንዳንድ ሮንዴላ ሁለት ቦታ ይታጠፋልና አንዱን አግኝታችሁ አትቁሙ።

ሌላው አማራጭ የዳዶው አንገት በነጥብ መቺ ተመትቶ ዘንጉ ላይ ባለ ቦይ ውስጥ መግባቱ ነው። ያችን ጎድጓዳ በቀጭን መሮ ወደ ውጪ መመለስ፣ ካልሆነም በትራፓኖ (በመብሻ) በጥቂቱ መብላት ይቻላል።

ፊለቱ (የዘንጉ ጥምዝ ክር) ጫፍ ላይ የደረቀ ቀይ ወይም ሰማያዊ ነገር ካያችሁ ሎክታይት የሚባለው ዳዶ እንዳይላላ የሚቀባ ማጣበቂያ ወይም ዘመዱ ነው። እሱ በዘይት አይበገርም፣ በሙቀት ነው የሚሸነፈው። ቡናማ ዱቄት ካያችሁ ደግሞ ዝገት ነው።

ምንም ምልክት ከሌለ ከእናንተ በፊት የነካው ሰው በአየር በሚሠራ መፍቻ አጥብቆት ይሆናል። ይሄ ከሁሉም ያናድዳል፣ ግን ከሁሉም ቀላሉ ነው።

የፊለቱንም አቅጣጫ እዩ። አብዛኞቹ ወደ ግራ፣ ማለትም በሰዓት አቆጣጠር ተቃራኒ ይፈታሉ። ከዳዶው ውጪ የተረፈው ክር ይነግራችኋል። ዘንጉ ቀጥ ብሎ ቆሟል ብላችሁ አስቡት። ክሩ ወደ ቀኝ እያለ ከፍ የሚል ከሆነ የተለመደው ዓይነት ነው። ወደ ግራ ከፍ የሚል ከሆነ ሌላው ነው። የሞተሩ መመሪያ እጃችሁ ላይ ካለ ሳትጀምሩ አረጋግጡ። ወደ ተሳሳተ አቅጣጫ ለግማሽ ቀን የጎተተ ሰው አውቃለሁ። እኔ አይደለሁም፣ ለዚህ ጊዜ እንኳ።

ዝገት ከሆነ ሌሊቱን ይደር

ደብሊው ዲ 40 የሚባለውን ዝገት ማላቀቂያ የሚረጭ ዘይት ካገኛችሁ ጥሩ። ካላገኛችሁ ናፍጣ ይሠራል፣ ጊዜ ስጡት ብቻ። ዳዶውና ዘንጉ በሚገናኙበት ክብ ላይ ጠብ ጠብ አድርጉ። ከዚያ በትንሽ መዶሻ ዳዶውን ዙሪያውን ኳ ኳ አድርጉት። መምታቱ ለመስበር አይደለም። ዝገቱ እንዲሰነጠቅና ናፍጣው እንዲገባ ነው። ማታ አንዴ፣ ከመኝታ በፊት አንዴ፣ ጠዋት አንዴ። በደብረ ብርሃን የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ሞተሯን ደጅ አታሳድሯት፣ ናፍጣውም ይወፍራል፣ ጠዋት እጃችሁም አይታዘዝም።

የዘንጉን ጫፍ በቀጥታ በመዶሻ አትምቱ። ጫፉ ካበጠ ዳዶው ሲፈታም አይወጣም፣ ምቱም ውስጥ ያለው ኩሽኔታ ላይ ያርፋል። የፍሬን ዘይት አድርጉ የሚሏችሁም አሉ። ቀለም ይበላልና እኔ አልመክርም።

ሞተሯን ማሰር

ጋሼ የሳቁብኝ እዚህ ላይ ነው። ካቴናው በቦታው እያለ የኋላው ፍሬን ዘንጉን ይይዝላችኋል። ሰው ሞተሯ ላይ ይቀመጥ፣ የኋላ ፍሬኑን በሙሉ ክብደቱ ይርገጥ። ፒኞኑ በካቴናው፣ ካቴናው በኮሮናው፣ ኮሮናው በጎማው፣ ጎማው በፍሬኑ ይያዛል። ኃይሉ ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ውስጥ አይገባም። ለዚህም ነው ማርሹን ነጻ ላይ አድርጌ የምሠራው። ማርሽ አስገብቶ ብቻ ያለ ፍሬን መጎተት ግን ያን ሁሉ ጉልበት ትናንሽ የማርሽ ጥርሶች ላይ መጫን ነው።

አንድ ሰዎች የማያስተውሉት ነገር አለ። ፒኞኑ በግራ በኩል ባለባቸው ሞተሮች ዳዶው የሚፈታበት አቅጣጫና ጎማው ወደ ፊት የሚዞርበት አቅጣጫ አንድ ነው። ስትጎትቱ ሞተሯ ወደ ፊት ልትሄድባችሁ ትፈልጋለች። ስለዚህ የፊት ጎማውን ግድግዳ ወይም ግንድ አስደግፉ፣ ሁለቱንም ጎማ መሬት አስረግጡ።

ከዚሁ ነገር ሌላም ይገኛል። የቁልፉን እጀታ ወደ ሞተሯ ፊት አዙራችሁ ካስገባችሁት ለመፍታት ወደ ታች ነው የምትጫኑት። ክብደታችሁ ሥራውን ይሠራል። ወደ ኋላ አዙራችሁ ካስገባችሁት ደግሞ ወደ ላይ ማንሳት ሊኖርባችሁ ነው፣ ያ የወገብ በሽታ ነው።

ፍሬኑ አልቆ የማይዝ ከሆነ? ቸርኬው የተቀረጸ ወፍራም አሉሚኒየም ከሆነ ጠንካራ አጣና በጎማው ውስጥ አሳልፋችሁ በሁለቱ የኋላ ክንዶች ላይ አጋድሙት፣ ከጎማው መሃል ወደ ፊት ባለው በኩል፣ ከክንዶቹ በላይ። ጎማው ለመዞር ሲሞክር አጣናውን ክንዶቹ ላይ ይጫነዋል። ቸርኬያችሁ በቀጫጭን ሽቦ የተወጠረ ከሆነ ግን ተዉት። ሽቦ ታጣምማላችሁ፣ ቸርኬም ታወላግዳላችሁ። ፍሬኑን ጠግኑ፣ ለነገሩ ለራሳችሁም ሕይወት ያስፈልጋችኋል።

እንደኔ ካቴናውን ቀድማችሁ ያወለቃችሁ ከሆነ አትፈሩ። አሮጌውን መልሳችሁ ግጠሙት፣ ሥራው ሲያልቅ ይጣላል። ካቻቢቴ በፒኞኑና በሞተሩ መካከል የመስካቱን ውጤት ግን ነግሬያችኋለሁ።

ቁልፉ

ባለ 6 ጎን ቡሶላ ይሁን። ባለ 12 ጎኑ የዳዶውን ማዕዘን ጫፍ ብቻ ነው የሚነካው፣ ጠንከር ሲል ያንሸራትታል። የእንግሊዝ ቁልፍና ጅራቱቢ (የቧንቧ ቁልፍ) ከሥራው ቦታ ይራቁ። ዳዶውን ክብ ካደረጋችሁት በኋላ ሁሉም ነገር በእጥፍ ይከብዳል።

የፒኞን ዳዶ ብዙ ጊዜ ስስ ነው። የቡሶላችሁን አፍ ተመልከቱ፣ ጠርዙ ወደ ውስጥ ሰያፍ ሆኖ ተቆርጧል። በወፍራም ዳዶ ላይ ለውጥ የለውም። በስስ ዳዶ ላይ ግን ያ ሰያፍ ግማሹን መያዣ ያስቀራል። አንድ አሮጌ ቡሶላ ወስዳችሁ አፉን በግራይንደር ጠፍጣፋ አድርጉት፣ ሰያፉ እስኪጠፋ ድረስ። ለዚህ ሥራ ብቻ አስቀምጡት። እኔ ካደረግኋቸው ነገሮች ሁሉ በትንሽ ድካም ብዙ የጠቀመኝ ይሄ ነው።

መጫን

ቡሶላውን እስከ ሥሩ አስገቡ። በግራ እጃችሁ ቡሶላውን ዳዶው ላይ ግፉት፣ እንዳያጋድል። ቱቦ እጀታው ላይ አስገቡና ጫፉን በዝግታ ተጫኑ። መዝለል የለም። በዝግታ የተጫነ ክብደት መጠኑ ይታወቃል፣ ዘልሎ የመጣ ግን ቡሶላ ያንሸራትታል።

ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው በ1 ሜትር ቱቦ ጫፍ ላይ ሙሉ ክብደቱን ቢጥል ዳዶው ላይ ወደ 600 ኒውተን ሜትር ይደርሳል። እንዲህ ያሉ ዳዶዎች ሲገጠሙ በአብዛኛው 100 አካባቢ ነው የሚጠብቁት። በስድስት እጥፍ ኃይል ካልተነቃነቀ ቱቦውን ማስረዘም መልስ አይሆንም። ቁሙ፣ ተመልሳችሁ ምን ይዞት እንደሆነ እዩ። ሁለተኛ የሮንዴላ ጆሮ? ሎክታይት? የፊለቱ አቅጣጫ?

ሲፈታ ድምፁ ይለያል። ብረት ከብረት ሲላቀቅ ደረቅ «ጧ» ይላል፣ ከዚያ ቱቦው ድንገት ይቀልላል። ለዚያች ቅጽበት ተዘጋጁ። አንድ እግር ወደ ኋላ፣ ፊታችሁ ከቱቦው መስመር ውጪ። እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲፈታልኝ በእግር ማሳረፊያው ላይ ጣቶቼን ልጬ ለሳምንት እንጀራ በግራ እጄ ቆርሻለሁ። ጓንት አድርጉ።

እሳት

ሎክታይት ከሆነ ወይም ናፍጣው ካልረዳ እሳት ይመጣል። እሳት ከመምጣቱ በፊት ግን ቤንዚን ይሂድ። ታንከሩን አውልቁ፣ ከሞተሯ አርቁት። ናፍጣ የነካውን ሁሉ በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ፣ ጨርቁንም አብራችሁ አርቁ። በቤንዚን ያጸዳችሁ ከሆነ ያን ቀን እሳት የለም። አንድ ባልዲ አሸዋ አጠገባችሁ ይሁን።

ከፒኞኑ ኋላ ዘይት የሚይዝ ፓራኦሊዮ አለ፣ ጎማ ነው። እሱን ላለማቃጠል ነበልባሉ ትንሽ ይሁን፣ ዳዶው ላይ ብቻ ይረፍ፣ ዘንጉ ላይ አይቆይ። ካቴናውንና የፒኞኑን ጀርባ በእርጥብ ጨርቅ ክበቡ።

ስንት ይሙቅ? ጠንካራው ቀዩ ሎክታይት የሚለቀው ወደ 250 ዲግሪ ሲደርስ ነው። ውሃ ጠብ አድርጎ «ጭስስ» ማለቱን ማየት አይበቃም። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል ከ2,800 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ እዚህ በ90 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፣ ገና ግማሽ መንገድ አልሄዳችሁም። የኤሌክትሮኒክስ ጠጋኞች የሚጠቀሙበትን ስታኞ ያዙ። የተለመደው የቆርቆሮና የእርሳስ ድብልቅ ከ180 ዲግሪ በላይ ሲሆን ይቀልጣል። ዳዶው ላይ ነክታችሁት ሲቀልጥ ጥቂት ጨምራችሁ አቁሙ፣ ወዲያው ቡሶላውን አስገብታችሁ ተጫኑ። ከቀዘቀዘ ሎክታይቱ እንደገና ይይዛል።

ለዝገት ደግሞ ሌላ ዘዴ አለ። ዳዶውን አሙቁ፣ እሳቱን አጥፉ፣ ጧፍ ወይም ሻማ ፊለቱ ላይ አስጠጉ። ሰሙ ቀልጦ ወደ ውስጥ ይሳባል፣ ክሩንም ያለሰልሳል። ጧፍ ስፈልግ እናቴ «ለቤተ ክርስቲያን ነው?» ብላ ሰጠችኝ፣ መልሴን ሰምታ ግን ሻማ ግዛ አለችኝ።

አጥብቃችሁ ካሞቃችሁ ፓራኦሊዮውን ለመቀየር ተዘጋጁ። ዋጋው ትንሽ ነው። ሳይቀየር ቀርቶ በኋላ የሚንጠባጠብ የሞተር ዘይት ግን ትንሽ አይደለም።

ጎሚስታ ጋር መሄድ

የአዲስ አበባና የደሴ መንገድ ከተማችንን አቋርጦ ያልፋል፣ ዳሩ ላይም የከባድ መኪና ጎማ የሚፈቱ ጎሚስታዎች ሞልተዋል። ኮምፕሬሰርና በአየር የሚሠራ መፍቻ አላቸው። የአየር መፍቻ አይጎትትም፣ በፍጥነት እየደጋገመ ይመታል። ዝገትን የሚሰብረው ያ ነው። ብዙ ጊዜ በአምስት ሰከንድ ያልቃል፣ የሻይ ዋጋ ነው የምትከፍሉት።

ሁለት ነገር ተናገሩ። አንደኛ፣ የከባድ መኪናውን ትልቁን ሳይሆን ባለ ግማሽ ኢንቹን መፍቻ። ሁለተኛ፣ ለአየር መፍቻ የተሠራውን ጥቁሩን ቡሶላ። የሚያብረቀርቀው የእጅ ቡሶላ በዚያ ምት ሊሰነጠቅና ሊፈናጠር ይችላል። የሮንዴላውን ጆሮ ቤት አቅንታችሁ ሂዱ፣ ጎሚስታው ያን አይጠብቅም። ፍሬኑንም እናንተው ርገጡ።

ካቴናውን አታውልቁ የምለው ለዚህም ነው። ካቴናዋ ያለባት ሞተር ራሷ ተነድታ ጎሚስታ ትሄዳለች። የተገነጣጠለች ሞተር በጋሪ ነው የምትሄደው፣ መንገድ ላይ የሚያውቃችሁ ሁሉ ያያችኋል።

ከሁሉም በኋላ፣ መቁረጥ

ዳዶው ክብ ከሆነ ወይም ምንም ካልረዳ ይቆረጣል። አዲስ ዳዶና አዲስ ሮንዴላ እጃችሁ ላይ ሳይገባ አትጀምሩ። ደብረ ብርሃን ካላገኛችሁ ከአዲስ አበባ ማስመጣት ሊኖርባችሁ ይችላል፣ እስከዚያ ሞተሯ ቆማ ትጠብቃለች።

ከዳዶው አንዱን ጎን ምረጡ። በቀጭን የትራፓኖ ጫፍ ከዘንጉ ጎን ለጎን ሁለት ወይም ሦስት ቀዳዳ ብሱ፣ ወይም በግራይንደር ቀጭን ዲስክ ቦይ ቁረጡ። ፊለቱ ጋ አትድረሱ። ወደ 1 ሚሊ ሜትር ሲቀር አቁሙ። መነጽር የግድ ነው። የቀረችውን በመሮ ምቱ፣ ዳዶው ይከፈታል፣ ከዚያ በእጅ የሚዞር ይሆናል። ዘንጉ ላይ ትንሽ ጭረት ከተረፈ በቀጭን ሞረድ ይስተካከላል። ፊለቱ በጥልቀት ከተቆረጠ ግን ዘንጉ ራሱ ሊቀየር ነው፣ ያ ደግሞ ሞተሩን ሙሉ በሙሉ መክፈት ነው። ስለዚህ እጃችሁ የሚንቀጠቀጥ ቀን አትቁረጡ።

መግጠም

አሁን ካቴናው ይውለቅ። ፒኞኑን ስታወጡ የትኛው ፊቱ ወደ ውጪ እንደነበር እዩ። ፊለቱንና የዘንጉን ጥርስ በሽቦ ብሩሽ አጽዱ። ፓራኦሊዮው ዙሪያ እርጥበት ካለ ጊዜው አሁን ነው። ዘንጉ ጥርስ ላይ ስስ ግሪስ ቀቡ፣ ፊለቱ ላይ ግን አትቀቡ። ግሪስ የነካው ፊለት ከታሰበው በላይ ይጠብቃል።

ሮንዴላው አዲስ ይሁን። አሮጌው ታጥፎ የተቃና ነው፣ ሁለተኛ ሲታጠፍ ይሰነጠቃል። ሮንዴላችሁ የሚታጠፍ ሳይሆን እንደ ሳህን የጎበጠ ከሆነ «ውጪ» የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ይኖረዋል፣ እሱ ወደ እናንተ ይዙር።

ኃይል የሚለካ ቁልፍ ካላችሁ በመመሪያው ቁጥር አጥብቁ። ቁልፉ ከሌላችሁ እንዲህ ገምቱ። 100 ኒውተን ሜትር ማለት በግማሽ ሜትር እጀታ ጫፍ ላይ 20 ኪሎ ገደማ መጫን ነው። አንድ ሁለት ጊዜ 20 ኪሎ ጤፍ ያነሳ ክንድ ያን ክብደት ያውቀዋል። ሲጠብቅም ካቴናው ተመልሶ ይግባ፣ ሰው ፍሬኑን ይርገጥ። በአየር መፍቻ አታጥብቁ። ከእናንተ በፊት እንዲህ ያደረገው ሰው ዛሬ ስንት ሰዓት እንዳስፈጀባችሁ አስታውሱ።

የሮንዴላውን ጆሮ ከዳዶው አንዱ ጎን ጋር እጠፉት፣ በማዕዘኑ ላይ ሳይሆን ሙሉ ጎኑ ላይ እንዲተኛ። ከዚያ በእህታችሁ የጥፍር ቀለም ከዳዶው እስከ ዘንጉ ጫፍ አንድ ቀጥ ያለ መስመር አስምሩ። ክዳኑን በሁለት ቡሎን ብቻ ያዙት፣ ፔዳሉን በምልክቱ መልሱ፣ የካቴናውን ልልነት አስተካክሉ።

እስከ ጎረቤታችን ከተማ እስከ ጫጫ ደርሳችሁ ተመለሱ። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ክዳኑን ክፈቱና መስመሩን እዩ። የዳዶው ግማሽና የዘንጉ ግማሽ ፊት ለፊት ካሉ ቀሪዎቹን ቡሎኖች እሰሩ። ከተላለፉ ጆሮውን አቅንታችሁ እንደገና አጥብቁ፣ በሌላ ጎን እጠፉ፣ አዲስ መስመር አስምሩና ጫጫን እንደገና ሳሟት።